ስፌቱ ከደረቀ በኋላ

ሳምንታዊ የጤና ዝግጅት
የዛሬው ርዕስ፦ ከሐሞት ቱቦ ካንሰር ቀዶ ሕክምና ቀጥሎ ያለው ሕክምናና ክትትል

[መለያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ይሰማና ቀስ እያለ ይወርዳል]

አቅራቢ፦   

ዛሬ ነገሩን ከአንድ ቤት እንጀምረው። ታሪኩን ለትምህርት ብለን ያዘጋጀነው ነው። እስቲ ጆሮ ስጡት።

[ድምፅ፦ የስኒ ኳኳታ፣ የጠያቂዎች ጨዋታ]

ጎረቤት፦ እሰይ! እንኳን ለቤትዎ አበቃዎት፣ ጋሼ!

አባት፦ አሜን፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይኸው ቆርጠው አወጡልኝ። ስፌቱም ደርቋል።

ልጅ፦ አባባ፣ ከሆስፒታል የሰጡን ፖስታ የት ነው ያለው?

አባት፦ ቁም ሣጥኑ ላይ ጣል አድርጌዋለሁ መሰለኝ። ምን ያደርግልሻል? አለቀ እኮ!

[ድምፁ ቀስ እያለ ይጠፋል]

አቅራቢ፦ "አለቀ እኮ!" ሰማችኋቸው? እውነታቸውን ነው፤ ትልቁን ነገር አልፈዋል። የሐሞት ቱቦ ካንሰር ቀዶ ሕክምና ከከባዶቹ የሆድ ቀዶ ሕክምናዎች አንዱ ነው። ከዚያ አልጋ ተነስቶ በእግሩ ቤቱ የገባ ሰው "እንኳን ማረህ" ቢባል ይገባዋል።

ግን ያ ፖስታ ውስጥ ምን አለ? ቁም ሣጥን ላይ ሆኖ አቧራ ሲጠጣ ምን ይቀራል? የዛሬው ጨዋታችን በዚያ ፖስታ ላይ ነው።

ሦስት ቃላት እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። ሦስቱም በ"ት" ነው የሚያልቁት፣ ለመያዝ አይከብዱም። ወረቀት። መድኃኒት። ትኩሳት። እንደገና ልበላቸው? ወረቀት፣ መድኃኒት፣ ትኩሳት።

[አጭር የሙዚቃ ድልድይ]

አቅራቢ፦ በመጀመሪያ ሐሞት ራሱ ምንድን ነው? በቋንቋችን ሐሞት የወኔ ስም ነው። ደፋሩን "ሐሞተ ኮስታራ" እንላለን፤ የፈራውን "ሐሞቱ ፈሰሰ" እንላለን። በሰውነታችን ውስጥ ግን ሐሞት ጉበት የሚሠራው አረንጓዴ ቢጫ ፈሳሽ ነው። በቀን ግማሽ ሊትርና ከዚያም በላይ ይሠራል። ሥራው ቅባት ማስፈጨት ነው።

ይህ ፈሳሽ ከጉበት ወደ አንጀት የሚወርደው በቀጫጭን ቦዮች ነው። መስኖ ያየ ሰው በቀላሉ ይገባዋል። ከጉበቱ ውስጥ ትንንሾቹ ቦዮች ይነሳሉ፤ ጉበቱ በር ላይ ይገናኛሉ፤ ከዚያ አንድ ሆነው በቆሽት በኩል አልፈው ትንሹ አንጀት ውስጥ ይፈስሳሉ። የሐሞት ቱቦ ካንሰር በዚህ ቦይ ግድግዳ ላይ የሚነሳ ካንሰር ነው።

ቦዩ ሲደፈን ምን ይሆናል? ሐሞቱ ወደ ኋላ ይመለስና ወደ ደም ይገባል። ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ሽንት እንደ ሻይ ይጠቁራል፣ ሰገራ እንደ ኖራ ይነጣል፣ ሰውነት ያሳክካል። በየሰፈሩ "የወፍ በሽታ ነው" ይባልና ቅጠል ይቀጠቀጣል። ብዙ ሰው ሆስፒታል የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው።

ቀዶ ሕክምናው እንደ ካንሰሩ ቦታ ይለያያል። ጉበቱ ውስጥ ወይም በሩ ላይ ከሆነ ከጉበቱ የተወሰነው ክፍል ይወጣል። አትደንግጡ፤ ጤነኛ ጉበት ተቆርጦ የቀረው በወራት ውስጥ ተመልሶ ያድጋል። ካንሰሩ ታች፣ ቆሽት አጠገብ ከሆነ ደግሞ የቆሽቱ ራስና የትንሹ አንጀት መጀመሪያ አብረው ይወጣሉ። ብዙውን ጊዜ በመጨረሻ ሐኪሙ የቀረውን የሐሞት ቱቦ በቀጥታ ከአንጀት ጋር ይሰፋዋል።

ይህን የመጨረሻውን ነገር ያዙልኝ፦ ቱቦው ከአንጀት ጋር ተሰፍቷል። ትኩሳት ላይ ስንደርስ እንመለስበታለን።

[አጭር ጸጥታ]

አቅራቢ፦ አሁን ወደ መጀመሪያው "ት"። ወረቀት።

ከሰውነት የወጣው ነገር የት ይሄዳል ብላችሁ ታውቃላችሁ? ፓቶሎጂ ክፍል ይሄዳል። እዚያ በስሱ ተቆራርጦ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ውጤቱ በማግስቱ አይደርስም፤ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል። ብዙ ጊዜ ታካሚው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው የሚወጣው። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል፤ ስፌቱ ስለደረቀ ወረቀቱን ሊወስድ የሚመለስ ሰው ይጠፋል።

ያ ወረቀት ለሦስት ጥያቄዎች መልስ ይይዛል። አንደኛ፦ የተቆረጠበት ጠርዝ ንጹሕ ነው ወይስ ካንሰሩ እስከ ጠርዙ ደርሷል? ሁለተኛ፦ ካንሰሩ ንፍፊቶች ውስጥ ገብቷል ወይ? ሦስተኛ፦ ከየትኛው የቱቦ ክፍል ነው የተነሳው፣ ምን ያህልስ ጠልቋል? የሚቀጥለው ሕክምና የሚወሰነው በእነዚህ መልሶች ነው። ወረቀቱ ከሌለ የካንሰር ሐኪሙ ዓይኑን እንደታሰረ ሰው ነው።

ስለዚህ ከሆስፒታል ስትወጡ ጠይቁ፦ "የፓቶሎጂው ውጤት መቼ ይወጣል? ማን ይሰጠኛል? ከዚያ የካንሰር ሐኪም ዘንድ የሚልከኝ ማነው?" እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች አስታማሚው ቢጽፋቸው ጥሩ ነው። ሕመምተኛው በዚያ ቀን ሐሳቡ ሁሉ ቤቱ ላይ ነው።

ለቀዶ ሕክምና ወደ ሕንድ፣ ወደ ታይላንድ ወይም ወደ ቱርክ ሄዳችሁ የምትመለሱም አላችሁ። ከሻንጣችሁ በፊት የቀዶ ሕክምናውን ዘገባ፣ የፓቶሎጂ ውጤቱንና የሲቲ ስካኑን ሲዲ አስቡ። እዚህ የሚከታተላችሁ ሐኪም እዚያ ምን እንደተቆረጠና ምን ከምን ጋር እንደተሰፋ ማወቅ አለበት። ውጭ አገር የምትኖሩም፣ ቋንቋው ካልያዘላችሁ አስተርጓሚ ይመደብልን በሉ። የአሥር ዓመት ልጃችሁን ስለ አባቱ ካንሰር አታስተርጉሙት።

[አጭር የሙዚቃ ድልድይ]

አቅራቢ፦ ሁለተኛው "ት"። መድኃኒት።

"ካንሰሩ ወጥቶልኝ የለም እንዴ? ለምን ደግሞ ኬሞ?" ይህን ያላለ ታካሚ ጥቂት ነው። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

ገበሬ አድማጮቻችን፣ ሰርዶን ታውቁታላችሁ። ነቅላችሁ፣ ለቅማችሁ፣ መሬቱ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ዝናብ ሲጥል ግን ከሥር የቀረች አንዲት ክር የምታህል ሥር ተነስታ ማሳውን ትይዘዋለች። ካንሰርም እንደዚያ ነው። የቀዶ ሐኪሙ ዓይኑ ያየውን፣ እጁ የዳሰሰውን አውጥቷል። በዓይን የማይታዩ ጥቂት ሴሎች ግን ቀርተው ሊሆን ይችላል። የሐሞት ቱቦ ካንሰር ደግሞ የመመለስ ጠባይ አለው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሰጠው መድኃኒት፣ ኬሞ የምንለው፣ እነዚያን የቀሩትን ለማሳደድ ነው።

ይሠራል ወይ? በእንግሊዝ አገር ሐኪሞች ይህንኑ ጠየቁ። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምረው የሐሞት ቱቦ ወይም የሐሞት ከረጢት ካንሰር ወጥቶላቸው የነበሩ 447 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። ግማሾቹ ካፔሲታቢን የሚባል የኬሞ ክኒን ዋጡ፤ ሌሎቹ ክትትል ብቻ ተደረገላቸው። ውጤቱ በ2019 ታተመ።

ቁጥር አላበዛባችሁም። ሰዎቹን በኖሩት ዕድሜ ልክ ሰልፍ አስይዛችሁ መሐል ላይ የቆመውን ሰው አስቡት። ክኒኑን ካልዋጡት ሰልፍ መሐል የቆመው ሰው ከሦስት ዓመት ያህል በኋላ አረፈ። ክኒኑ ከታዘዘላቸው ሰልፍ መሐል የቆመው ደግሞ አራት ዓመት ከሦስት ወር ያህል ኖረ።

እውነቱን እንነጋገር ካልን ግን፣ ሁሉም ሰው ሲቆጠር ልዩነቱ የአጋጣሚ አይደለም ብሎ ለመማል የሚያበቃ አልነበረም። በተሰጠው ሥርዓት የታከሙት ለብቻ ሲቆጠሩ ግን ልዩነቱ ጎልቶ ወጣ። በዚያው በ2019 የአሜሪካ የካንሰር ሐኪሞች ማኅበር ከቀዶ ሕክምና በኋላ ይህ ክኒን ለስድስት ወር እንዲሰጥ መከረ።

በጃፓንም ኤስ-ዋን የሚባል ተመሳሳይ ክኒን ተሞክሮ ውጤቱ በ2023 ወጣ። ከሦስት ዓመት በኋላ ክኒኑ ከተሰጣቸው መቶ ሰዎች 77 ያህሉ በሕይወት ነበሩ፤ ካልተሰጣቸው መቶ ደግሞ 68 ያህሉ። መቶ ሰው በሚይዝ አዳራሽ ዘጠኝ ወንበር ማለት ነው። ለእነዚያ ዘጠኝ ቤተሰቦች ስንት ነው?

[አጭር ጸጥታ]

አቅራቢ፦ አንዳንድ ሰው ደግሞ "ክኒን ምን ያደርጋል? በደም ሥር የሚገባ ቢሆን ኖሮ!" ይላል። እኛ አገር መርፌ ካልተወጋን የታከምን አይመስለንም። ይሁንና በፈረንሳይ በደም ሥር የሚሰጡ ሁለት መድኃኒቶች በአንድነት ተሞክረው፣ ዝም ብሎ ከመከታተል የተሻለ ጥቅም አልተገኘባቸውም። ስለዚህ ክኒን ስለሆነ አትናቁት።

አወሳሰዱስ? ካፔሲታቢን በቀን ሁለት ጊዜ፣ በአሥራ ሁለት ሰዓት ልዩነት ይዋጣል። የእኛ ሰዓት አቆጣጠር ለዚህ የተሠራ ይመስላል፦ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ማታ አንድ ሰዓት። ብዙውን ጊዜ ሁለት ሳምንት ይዋጣል፣ አንድ ሳምንት ይታረፋል። ይህ አንድ ዙር ነው። ስምንት ዙር ሲሞላ ስድስት ወር ያህል ይሆናል። የሚጀመረው ቁስሉ ሲድንና ምግብ ሲለመድ ነው፤ ብዙ ጊዜ በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ። በእንግሊዙ ጥናት የመጨረሻው ገደብ 16 ሳምንት ነበር። "ትንሽ ልጠንክርና እሄዳለሁ" እያላችሁ ዓመት አታድርሱት።

የእረፍቷን ሳምንት ልብ በሉ። "ቶሎ እንድድን" ብሎ በእረፍቱ ሳምንትም የሚውጥ አለ። ይህ አደጋ ነው። ያ ሳምንት መቅኔ አዲስ ደም የሚሠራበት፣ የአፍና የአንጀት ቆዳ የሚያገግምበት ነው። አንድ ጊዜ መዋጥ ብትረሱም በሚቀጥለው ሰዓት እጥፍ አታድርጉት። መጠኑ በቁመትና በክብደት የተሰላ ስለሆነ የጎረቤት ክኒን ለእናንተ አይሆንም።

ሌላው ትልቅ ጉዳይ ይህ ክኒን ምግብ ከተበላ በኋላ፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ፣ በውሃ መዋጡ ነው። ታዲያ ጾምስ? ሁዳዴ ሲገባ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ያልቀመሰ ሰው የጠዋቱን ክኒን መቼ ሊውጥ ነው? ረመዳን የሚጾመውስ? ክኒኑን ለጾም ብላችሁ አትዝለሉት፤ በባዶ ሆድም አትዋጡት። ለታመመ ሰው በሁለቱም እምነት መንገድ አለው። የንስሐ አባታችሁን፣ ሼኻችሁን አማክሩ። ጠበል የምትሄዱም ጠበሉንም መድኃኒቱንም ያዙ፤ አንዱን ለማግኘት ሌላውን መጣል የለባችሁም።

[አጭር የሙዚቃ ድልድይ]

አቅራቢ፦ የክኒኑ ጉዳትስ? ዋናው በመዳፍና በውስጥ እግር ላይ ይታያል። መጀመሪያ ይቀላል፣ ይቆጠቁጣል፤ ከዚያ ይላላጣል፣ ይሰነጠቃል።

እስቲ እንጀራ የምትጋግር እናት አስቡ። ሊጥ ታቦካለች፣ ምጣድ አጠገብ ትቀመጣለች፣ ልብስ በእጇ ታጥባለች። ሙቀትና ፍትጊያ ደግሞ ይህን ቁስል ያብሱታል። ስለዚህ በእነዚህ ስድስት ወራት ምጣዱን ሌላ ሰው ይያዘው። እጅና እግር በሙቅ ሳይሆን በለብታ ወይም በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠብ፤ ቫዝሊን ወይም ሌላ ለስላሳ ቅባት ጠዋት ማታ ይቀባ፤ ጫማው ሰፋ ያለ፣ ካልሲው ለስላሳ ይሁን።

አንድ የሚገርም ነገር ላጫውታችሁ። ይህ ክኒን የጣት አሻራን ሊያጠፋ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2009 የሲንጋፖር ሐኪሞች የጻፉት ዘገባ አለ፦ ለሌላ ካንሰር ይህን ክኒን ይወስዱ የነበሩ አንድ የ62 ዓመት ሰው አሜሪካ ሲደርሱ አሻራቸው አልነበብ ብሎ አየር ማረፊያ ውስጥ አራት ሰዓት ያህል ተያዙ። እኛም አሁን ለፋይዳ መታወቂያ፣ ለፓስፖርት፣ ለጉዞ አሻራ እንሰጣለን። ክኒኑ ላይ እያላችሁ የምትጓዙ ከሆነ ከሐኪማችሁ ደብዳቤ ያዙ።

ተቅማጥና የአፍ ቁስልም ይመጣሉ። ተቅማጥ ሲጀምር ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በጥብጣችሁ ጠጡ፤ ከበረታ ግን ክኒኑን አቁማችሁ ወዲያው ሐኪም ዘንድ። ደረት ላይ ሕመም ወይም መጨምደድ ከተሰማችሁም ቀጣዩን ክኒን ሳትውጡ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ጥቂት ሰዎች በተፈጥሮ ይህን መድኃኒት ሰውነታቸው መሰባበር አይችልም፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውስጥ ክፉኛ ይታመማሉ። የመጀመሪያው ዙር ላይ ዓይናችሁን ከታማሚው አትንቀሉ።

ደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን የምትወስዱ ወይም ፎሊክ አሲድ ያለበት ቫይታሚን የምትውጡ፣ ለሐኪማችሁ ሳትናገሩ ክኒኑን እንዳትጀምሩ። የሚቀጠቀጥ ቅጠል፣ የሚበጠበጥ ሥርም እንዲሁ። ጉበታችሁ ገና ከቢላ የተነሳ ጉበት ነው። አረቄውም፣ ጠጁም ይቅርባችሁ።

የጨረር ሕክምናስ? ለሁሉም አይታዘዝም። በተለይ ጠርዙ ንጹሕ ሳይሆን ለቀረ ሰው ሐኪሞች ከኬሞው ጋር ሊያስቡት ይችላሉ። በአገራችን ለረጅም ዓመታት ይህ ሕክምና የሚገኘው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ አሁን እንደ ጅማ ባሉ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎችም ተጀምሯል።

[ድምፅ፦ ወረቀት ሲገለጥ]

አቅራቢ፦ እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚያነሳው ጥያቄ አለ። "አባታችን የበሽታቸውን ስም አያውቁም። 'ቁስለት ነው' ብለናቸዋል። ብንነግራቸው ሐሞታቸው ይፈስሳል ብለን ፈራን።"

ፍቅር ነው ያስፈራችሁ፤ አንፈርድባችሁም። ግን አስቡት። ስፌቱ የደረቀለት፣ ቁስለት ነበረብህ የተባለ ሰው መዳፉ ሲሰነጠቅ ምን ይላል? "ይኸ ክኒን ነው ያሳመመኝ" ይልና ይተወዋል። እውነቱን ነው፤ ለምን እንደሚውጠው ማን ነገረው? ሐኪሙ ባለበት "ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?" ብላችሁ ራሳቸውን ጠይቋቸው። ብዙ አባት ልጆቹ ከሚያስቡት በላይ ሐሞተ ኮስታራ ነው። አንዳንዱማ ስሙን ካወቀ ቆይቷል፤ እናንተ እንዳትደነግጡ ብሎ ነው ዝም ያለው።

[አጭር የሙዚቃ ድልድይ]

አቅራቢ፦ ሦስተኛው "ት"። ትኩሳት።

ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁን ታስታውሳላችሁ? ቱቦው ከአንጀት ጋር ተሰፍቷል ብለናል። በተፈጥሮ በሐሞት ቱቦና በአንጀት መካከል አንድ በር አለ፤ ሐሞቱን ያወርዳል፣ የአንጀትን ተህዋስ ግን ወደ ላይ አያሳልፍም። በቀዶ ሕክምናው ያ በር ቀርቷል። ስለዚህ ተህዋሱ ወደ ጉበት ሊወጣ ይችላል። በተለይ የተሰፋበት ቦታ ከጠበበ ሐሞቱ ይቆማል፤ የቆመ ውሃ ደግሞ ይበላሻል።

ምልክቱ ምንድን ነው? ድንገት ብርድ ብርድ ይላል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ከዚያ ሰውነት ይግላል። ዓይን ቢጫ ሊሆን፣ በቀኝ ጎን ከጎድን በታች ሊያም ይችላል። ቤተሰቡ ምን ይላል? "ምች ነው፣ ዳማከሴ አምጡ።" ወይም "ወባ ነው።" ወይም "ታይፎይድ ይሆናል።" እስከ ጠዋት ይጠበቃል። ይህ ኢንፌክሽን ግን ጠዋትን ላይጠብቅ ይችላል፤ በሰዓታት ውስጥ ደም ውስጥ ይገባል። ኬሞ ላይ ላለ ሰው ደግሞ ነጭ የደም ሴሉ ስለሚቀንስ ይብስበታል።

እና ምን እናድርግ? ቴርሞሜትር ከፋርማሲ ግዙ። 38 ዲግሪ ከነካ፣ ወይም ቴርሞሜትር ሳይኖርም ሰውየው ከተንቀጠቀጠ፣ በዚያው ሌሊት ጤና ተቋም። እዚያ ስትደርሱ የምትሏትን አንዲት ዓረፍተ ነገር አብረን እንበላት፦ "የሐሞት ቱቦዬ ተቆርጦ ከአንጀት ጋር ተሰፍቷል፤ ኬሞም እወስዳለሁ።"

አንድ ጊዜ ልድገማት። "የሐሞት ቱቦዬ ተቆርጦ ከአንጀት ጋር ተሰፍቷል፤ ኬሞም እወስዳለሁ።" በወረቀት ጽፋችሁ ቦርሳችሁ ውስጥ አኑሯት። የወባ ምርመራውም ይደረግ፤ ወባ ባለበት አካባቢ ግድ ነው። የተቀበላችሁ ባለሙያ ግን ወባ ላይ ብቻ እንዳይቆም የምታደርገው ያቺ ዓረፍተ ነገር ናት።

ዓይናችሁ እንደገና ቢጫ ቢሆንስ? ብዙ ሰው "ተመልሶብኛል" ብሎ ቤቱን ዘግቶ ይቀመጣል። ሁልጊዜ ካንሰር ተመልሶ አይደለም። ስፌቱ ጠብቦ ሊሆን ይችላል፤ የጠበበውን ደግሞ ማስፋት ይቻላል። ሳይታዩ ተስፋ መቁረጥ አይገባም።

[አጭር ጸጥታ]

አቅራቢ፦ ስለ ምግብ ጥቂት። ቆሽታቸው የተነካ ሰዎች ቅባት አልፈጭ ይላቸዋል። ሰገራው ይለሰልሳል፣ በጣም ይሸታል፣ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ሰውየው እየበላ ይከሳል። ይህን ለሐኪም ንገሩ፤ አታፍሩበት። ከመጀመሪያው ጉርሻ ጋር የሚዋጥ፣ የቆሽትን ሥራ የሚተካ እንክብል አለ።

ጠያቂዎችም ስሙኝ። "በሞቴ፣ አንድ ጉርሻ!" እያላችሁ በአንድ ገበታ አታጨናንቁት። ያቺኑ ጉርሻ ለቀኑ አከፋፍሏት፦ ጠዋት አጥሚት፣ ረፋድ ላይ እንቁላል፣ ምሳ ጥቂት፣ ከሰዓት በኋላ ሾርባ፣ ማታ ጥቂት።

"ጥሬ ሥጋ ነው ያመጣብኝ?" የሚልም አለ። በሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ ይህ ካንሰር እጅግ የበዛው ከወንዝና ከሐይቅ ዓሣ ጋር ተያይዞ ነው፤ ዓሣው በጥሬው ሲበላ በሐሞት ቱቦ ውስጥ የሚኖር ትል አብሮ ይገባል። የእኛ የጥሬ ሥጋ ኮሶ ሌላ ትል ነው። ቢሆንም ኬሞ ላይ እያላችሁ ጥሬ ሥጋ አትብሉ፤ ሰውነታችሁ ተህዋስ የሚቋቋምበት ጊዜ አይደለም። በሽታው ራሱ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ዕቃ መለየት፣ ልጅ ማራቅ አያስፈልግም።

[አጭር የሙዚቃ ድልድይ]

አቅራቢ፦ ክኒኑ ሲያልቅስ? እንደገና ወደ ወረቀት እንመለሳለን፦ የቀጠሮ ወረቀት።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት አብዛኞቹ ሐኪሞች በየሦስት ወይም በየስድስት ወሩ ይቀጥራሉ። ከዚያ እስከ አምስት ዓመት ድረስ እየሰፋ ይሄዳል። የሆድ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ፣ የጉበት የደም ምርመራና ሲኤ 19-9 የሚባል የደም ምርመራ ይታዘዛል። በዚህች የመጨረሻዋ አትሸበሩ። ካንሰር ሳይመለስ፣ ሐሞት ስለቆመ ወይም ኢንፌክሽን ስላለ ብቻ ልትጨምር ትችላለች። በተፈጥሯቸው ምርመራው የሚለካውን ንጥረ ነገር የማይሠሩ ሰዎችም አሉ። ሐኪም የሚያየው የአንድ ቀን ቁጥር ሳይሆን የአካሄዷን አቅጣጫ ነው። የድሮ ውጤቶቻችሁን አትጣሉ የምንለውም ለዚህ ነው።

በቀጠሮዎቹ መካከል ክብደት ከቀነሰ፣ ማሳከክ ከጀመረ፣ ሽንት ከጠቆረ ቀኑን አትጠብቁ። ካንሰሩ ተመልሶ ቢገኝም በር አይዘጋም። ሌላ የኬሞ ዓይነት አለ፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃቁ መድኃኒቶች ከኬሞው ጋር እየተሰጡ ነው።

እስቲ አሁን እናንተ በሉልኝ። ሦስቱ "ት"ዎች ምን ምን ነበሩ? ... ወረቀት፣ ጎበዝ። ... መድኃኒት። ... ሦስተኛው? ትኩሳት! የፓቶሎጂውን ወረቀት ውሰዱ። መድኃኒቱን ከምግብ በኋላ፣ በሰዓቱ፣ ከነእረፍቱ ያዙ። ትኩሳት ሲመጣ ሌሊቱን አትጠብቁ።

ወደዚያ ቤት ተመልሰን እንሰነባበት።

[ድምፅ፦ የቁም ሣጥን በር ሲከፈት፣ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ]

ልጅ፦ አባባ፣ ፖስታውን አገኘሁት።

አባት፦ ምን ይላል?

ልጅ፦ "የፓቶሎጂ ውጤት ለመውሰድ" ይላል። ቀኑ ... ባለፈው ሐሙስ ነበር።

አባት፦ አልፏላ!

ልጅ፦ ቀኑ ነው ያለፈው፤ ወረቀቱ እዚያው አለ። ነገ ጠዋት እንሄዳለን።

አባት፦ ... እሺ። እንግዲያው አንዳንድ ነገር እጠይቃቸዋለሁ። ዝም ያልኩት እናንተን ላለማስደንገጥ ነበር እኮ።

ልጅ፦ አባባ ...

አባት፦ ተይው፣ አታልቅሺ። ይልቅ ጫማዬን ወልውይልኝ።

[መለያ ሙዚቃ ቀስ እያለ ይገባል]

አቅራቢ፦ የእናንተስ ፖስታ የት ነው ያለው? ዛሬውኑ ፈልጉት። 

[ሙዚቃው ከፍ ብሎ ያበቃል]